ወንዙ ቢጠራም መድኃኒቱ አለ፦ የመድኃኒት ቅሪት የወንዝና የሐይቅ ዓሣን እንዴት ይጎዳል?

ስለ አዲስ አበባ ወንዞች ብዙ እየተወራ ነው። የወንዝ ዳርቻ ልማቱ እየሰፋ ሄዷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወንዝ የሚበክልን ሰውም ሆነ ድርጅት በገንዘብ የሚቀጣ ደንብ በከተማዋ ሥራ ላይ ውሏል። ላስቲኩ ሲለቀም፣ ዳርቻው ሣር ሲለብስ፣ ሽታው ቀነስ ሲል ለውጡ ዓይን ይሞላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ጥያቄ ያስከትላል፦ ውኃው ከጠራ ወንዙ ዳነ ማለት ነው?

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከስዊድን አንድ የጥናት ዜና ወጥቶ ዓለምን ዞረ። የጭንቀት መድኃኒት ያገኛቸው ሳልሞን ዓሦች መድኃኒት ካልነካቸው ይልቅ በብዛት ባሕር ደረሱ የሚል ነበር። ብዙ ሰው ዜናውን እንደ ቀልድ አየው። "እንግዲያው መድኃኒቱ ጠቀማቸው" ያለም አልጠፋም።

ሁለቱም ወሬዎች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የወንዝን ጤና የምንለካው በዓይናችን ነው። ቆሻሻ ካየን ተበክሏል እንላለን። የሞተ ዓሣ ከተንሳፈፈ እንደነግጣለን። የመድኃኒት ብክለት ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ዓሣውንም በአብዛኛው አይገድለውም። ይለውጠዋል።

አዲስ አበባ ሦስተኛ የወጣችበት ልኬት

በእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ ሰፊ ጥናት አሳተመ። ከ104 አገሮች፣ ከ258 ወንዞች፣ ከ1,052 ቦታዎች ውኃ ተቀድቶ ተመረመረ። የተፈለጉት 61 ዓይነት የመድኃኒት ንጥረ ነገሮች ነበሩ። ካፌይንና የመሳሰሉትም ተካተዋል።

በውጤቱ የፓኪስታኗ ላሆር አንደኛ፣ የቦሊቪያዋ ላፓዝ ሁለተኛ ወጡ። ሦስተኛዋ አዲስ አበባ ናት። በአዲስ አበባ ወንዞች በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የተገኙት ንጥረ ነገሮች ሲደመሩ በአማካይ 51.3 ማይክሮግራም ሆኑ። ላሆር 70.8፣ ላፓዝ 68.9 ነበሩ። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ከዚያ አንድ ሺህ ጊዜ የሚያንሰው ናኖግራም ይባላል። ሁለቱም ቃላት ከታች ይመላለሳሉ።

ይህን ቁጥር ሲሰማ የሚቆጣ አለ፣ ተስፋ የሚቆርጥም አለ። ከመቆጣትም ተስፋ ከመቁረጥም በፊት ቁጥሩ ምን እንደሚል ማወቅ ይበጃል። ድምሩ እንደ ካፌይን ያሉ ብዙም የማያሰጉ ነገሮችንም ይዟል። ጥናቱ የለካውም ውኃውን እንጂ ዓሣውን አይደለም። ቢሆንም በዓለም ዙሪያ ናሙና ከተወሰደባቸው ቦታዎች ከአራቱ በአንዱ ገደማ ቢያንስ አንድ መድኃኒት ለውኃ ውስጥ ሕይወት ደህና ከሚባለው መጠን በላይ ተገኝቷል። ከፍተኛው ብክለትም የፍሳሽ አያያዛቸው ደካማ ከሆነና መድኃኒት ከሚመረትባቸው አካባቢዎች ጋር ተያይዞ ታይቷል።

ከኪኒን እስከ አቃቂ

መድኃኒት ወንዝ እንዴት ይገባል? አብዛኛው በሽንት በኩል ነው። የዋጥነው ኪኒን ሁሉ ሰውነታችን ውስጥ አይቀርም። ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚን ሰውነት ውስጥ አይፈራርስም፤ ወደ ደም የገባው እንዳለ በሽንት ይወጣል። አሞክሳሲሊን ደግሞ ከግማሽ በላዩ ሳይለወጥ ይወጣል። ለሕመም ማስታገሻ ጉልበት ላይ የሚታሸው የዲክሎፌናክ ቅባትማ በቆዳ አልፎ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ ስድስት እጅ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው፣ እጃችንን ስንታጠብና ልብስ ስናጥብ፣ የሳሙናውን ውኃ ተከትሎ ይሄዳል። ለዚህ ነው አንዳንድ አገሮች ቅባቱን የተቀባ ሰው እጁን ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ጠርጎ ወረቀቱን ቆሻሻ ውስጥ እንዲጥል የሚመክሩት።

በአዲስ አበባ መንገዱ ይበልጥ አጭር ነው። ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘው ቤት ብዙ ነው። መጸዳጃ ጉድጓዱ ይሰርጋል፤ አንዳንዱም ቱቦውን በድብቅ ከዝናብ ውኃ ማስወገጃው ጋር ያገናኛል። ቀበናም ሆነ ባንትይቀጡ የተቀበሉትን ይዘው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። ክረምት ላይ ዝናቡ ያቀጥነዋል። በጋ ላይ ወንዙ ሲሳሳ ግን ከሚፈሰው ውኃ ብዙው የከተማው ፍሳሽ ይሆናል። ዓሣ በጣም የሚጋለጠውም ያኔ ነው።

ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትም አለ። ሽንት ቤት ይጣላል፣ ወይ ከቤት ቆሻሻ ጋር ይሄዳል። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ መግዛት የተለመደ መሆኑም ወደ ፍሳሹ የሚገባውን ይጨምራል። ለከብት የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ በእበትና በሽንት በኩል የራሱን መንገድ ይዟል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት በተደጋጋሚ ይሰማል። "መድኃኒት እኮ ጊዜው ሲደርስ ይፈራርሳል" ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ በፀሐይና በባክቴሪያ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይፈራርሳሉ። ነገር ግን የዛሬው ሳይፈራርስ የነገው ይደርሳል። ሚሊዮኖች በየቀኑ የሚውጡት ነገር በየቀኑ ይተካል። ለዓሣው መድኃኒቱ ከውኃው ጠፍቶ አያውቅም።

ዓሣ ለምን የሰው መድኃኒት ይሠራበታል?

ምክንያቱም በውስጥ አሠራሩ ከምንገምተው በላይ ይመስለናል። መድኃኒት የሚሠራው ሕዋስ ላይ ካለ አንድ የተወሰነ ፕሮቲን ጋር በመያያዝ ነው። ዜብራፊሽ የምትባለው ትንሽ የቤተ ሙከራ ዓሣ የሰው መድኃኒቶች ከሚያነጣጥሩባቸው ፕሮቲኖች 86 በመቶ ለሚሆኑት አቻ አላት። ስለዚህ የሰውን ጭንቀት የሚያረግብ ኬሚካል የዓሣውንም ፍርሃት ሊያረግብ ይችላል።

ሌላው ነገር ስንጥቡ ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው ውኃ በስንጥቡ ሲያልፍ ነው፤ ለአፍታም አያቆምም። መድኃኒት ደግሞ የሕዋስ ሽፋንን አልፎ እንዲገባ፣ በትንሽ መጠን እንዲሠራ ተብሎ የተቀመመ ነው። ከሌሎች የኢንዱስትሪ ኬሚካሎች የሚለየው በዚህ ነው፤ ሕያው አካል ላይ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ መሆኑ።

ሐይቅ 260

የዚህን ጉዳይ አካሄድ ከማንም በላይ ያሳየው በካናዳ የተደረገ ሙከራ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኦንታሪዮ ለምርምር የተከለሉ ትናንሽ ሐይቆች አሉ። ስም የላቸውም፣ በቁጥር ይጠራሉ። ተመራማሪዎች ከ2001 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በሦስት ተከታታይ የሙቀት ወራት ሐይቅ 260 ውስጥ ኤቲኒልኤስትራዲዮል ጨመሩ። ይህ በወሊድ መከላከያ ኪኒን ውስጥ ያለ ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞን ነው። መጠኑ በሊትር ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ብቻ ነበር።

ይህ ስንት ነው? ብዙ ጊዜ በአንድ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ውስጥ 30 ማይክሮግራም ኤቲኒልኤስትራዲዮል አለ። በዚያ ሐይቅ መጠን ቢሰላ አንዲት ኪኒን እስከ 6 ሺህ ሊትር ለሚደርስ ውኃ ትበቃለች። በጊቢያችን የምናቆመው ባለ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ ሦስቱ ማለት ነው።

ሐይቁ ውስጥ ፋትሄድ ሚኖው የምትባል ትንሽ ዓሣ በብዛት ነበረች። መጀመሪያ የተለወጡት ወንዶቹ ናቸው። ጉበታቸው ቫይቴሎጀኒን ማምረት ጀመረ። ቫይቴሎጀኒን የእንቁላል አስኳል የሚሠራበት ፕሮቲን ነው። በተለመደው ሁኔታ የሚያመርቱት ሴቶቹ ናቸው፤ ወንድ ለምን ያስፈልገዋል? ከዚያ የዘር ፍሬያቸው ውስጥ የእንቁላል ሕዋስ የታየባቸው ወንዶች ተገኙ። የሴቶቹም እንቁላል አሠራር ተዛባ። ዓሣው ይዋኛል፣ ይበላል፣ ሲታይ ምንም የጎደለው አይመስልም። ግን አዲስ ትውልድ አልተተካም። ይህች ዓሣ ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ አንድ ሁለት ዓመት ሳትራባ ከቀረች ያልቅላታል። እንዲያውም ከሐይቁ ልትጠፋ ጥቂት ቀራት።

ጉዳቱ በእሷ አላበቃም። እሷን የሚበላው ትልቁ ሌክ ትራውት የሚባለው ዓሣም ቀለቡ ሲያልቅ ቁጥሩ ቀነሰ። ሆርሞኑ በቀጥታ ባይጎዳው እንኳ በረሃብ በኩል ደረሰበት።

ደግነቱ የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ተስፋ አለው። ሆርሞኑ መጨመሩ ከቆመ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትንሿ ዓሣ ተመልሳ በዝታለች። ምንጩ ከቆመ ውኃው ያገግማል ማለት ነው።

ከሐይቅ 260 በፊት እንግሊዝ ውስጥ ምልክቱ ታይቶ ነበር። ሮች የሚባለው የወንዝ ዓሣ ወንዱ የዘር ፍሬው ውስጥ እንቁላል ይዞ ይገኝ ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲጠና ችግሩ ከፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች በታች ባሉ ወንዞች ላይ የተስፋፋ ሆኖ ተገኘ። ከታች ማለቴ የተጣራው ውኃ ከሚለቀቅበት ወዲያ ነው። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። እነዚህ ወንዞች በዓይን ሲታዩ ንጹሕ ነበሩ። ፍሳሹ ተጣርቷል፣ ኦክስጅን አለ፣ ዓሣም ይኖርባቸዋል። የመድኃኒትና የሆርሞን ጉዳት ሊታይ የቻለውም ዓሣ ለመኖር የሚበቃ ውኃ ስለነበረ ነው።

አዲስ አበባን የሚመለከተው ይህ ነጥብ ነው። ዛሬ በከተማው ውስጥ ባለው የአቃቂ ክፍል ዓሣን ቀድሞ የሚጎዳው የኦክስጅን እጥረትና ጥሬ ፍሳሽ ነው። ወንዙ እየጸዳ ሲሄድ ይህ ይቀንሳል፣ ዓሣም ይመለሳል። የሚመለስበት ውኃ ግን መድኃኒቱን እንደያዘ ይሆናል። ወንዙ ዳነ ብለን መከታተል የምናቆመው ያኔ ከሆነ ጉዳዩን ሳንጀምረው ጨረስነው ማለት ነው።

ደፋር የሆነ ዓሣ ምን ክፋት አለው?

ወደ ስዊድን እንመለስ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኡፕሳላ ከተማን አቋርጦ በሚያልፈው ፊሪስ ወንዝ ያሉ ፐርች ዓሦችን መረመረ። ሥጋቸው ውስጥ ኦክሳዜፓም የሚባል የጭንቀት ማስታገሻ ተገኘ። ከዚያ በቤተ ሙከራ ለሌሎች ፐርቾች መድኃኒቱ ተሰጠ። ዓሦቹ ይበልጥ ደፋሮች ሆኑ፣ ከመንጋቸው ራቁ፣ ቶሎ ቶሎ በሉ።

በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳልሞን ጥናት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ወንዝ ውስጥ ተደረገ። ዳል በሚባለው ወንዝ ወጣት ሳልሞኖች ውስጥ ክሎባዛም የተባለውን የጭንቀት መድኃኒት ቀስ በቀስ የሚለቅ ነገር ተቀበረ፤ ጉዟቸውም በመከታተያ መሣሪያ ተቆጠረ። መድኃኒቱን ያገኙት ባልቲክ ባሕር በብዛት ደረሱ። በመንገዱ ያሉትን የኃይል ማመንጫ ግድቦችም ፈጥነው አለፉ።

ታዲያ ምን ክፋት አለው? ዜናው እዚህ ላይ ነው የቆመው። የዓሣ ፍርሃት ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። መንጋ መሥራት ከአዳኝ የሚያድነው ነው። በተከታዩ የቤተ ሙከራ ሙከራ መድኃኒቱ የነካቸው ሳልሞኖች አዳኝ ባለበት እንኳ እንደሌሎቹ ተጠጋግተው አልዋኙም። ባሕር የደረሰ ዓሣ ገና ዓመታት ባሕር ውስጥ ይኖራል፤ አዳኙ እዚያ ይጠብቀዋል። አንዱን መሰናክል ፈጥኖ ማለፍ የሕይወቱን ሁሉ ውጤት አይነግረንም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸውም መድኃኒቱ ይጠቅማል አላሉም። ያሉት የዓሣ ጠባይ መለወጡን ነው።

ጠባይ ብቻም አይደለም። ዲክሎፌናክ በሊትር 5 ማይክሮግራም ሲሆን በአራት ሳምንት ውስጥ ሬይንቦ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ኩላሊትና ስንጥብ ሲጎዳ በጀርመን ተመራማሪዎች ታይቷል። ሜትፎርሚንም በሊትር 40 ማይክሮግራም ላይ ወንድ ሚኖዎችን ወደ ሴትነት የሚያዘነብል ለውጥ አሳይቷል። ሁለቱም በየፋርማሲያችን መደርደሪያ ያሉ መድኃኒቶች ናቸው።

"መጠኑ እኮ ኢምንት ነው"

ይህን ጉዳይ የሚያቃልሉ ሰዎች የሚሉት መሠረት የለሽ አይደለም። አንደኛ፣ ብዙ የቤተ ሙከራ ጥናቶች ወንዝ ውስጥ ከሚገኘው በላይ መጠን ይጠቀማሉ። ሁለተኛ፣ የአንድ ዓሣ ጠባይ ተለወጠ ማለት የዓሣው ዘር አለቀ ማለት አይደለም፤ የሐይቅ 260ን ያህል የጠራ ማስረጃ ጥቂት ነው። ሦስተኛ፣ ከመጠን በላይ ማስገርና የኦክስጅን እጥረት ዓሣን ከመድኃኒት ይልቅ በብዛት ይጨርሳሉ።

ሦስቱም ልክ ናቸው ብዬ አስባለሁ። ግን ድምዳሜው አይከተልም። ወንዝ ውስጥ ያለው አንድ መድኃኒት ብቻ አይደለም። ተመሳሳይ ሥራ ያላቸው አሥር መድኃኒቶች እያንዳንዳቸው ከአደገኛው መጠን በታች ሆነው አብረው ሲሠሩ ሊያልፉት ይችላሉ። ማስረጃው እስኪሟላ መጠበቅ ምን እንደሚያስከፍልም አይተናል። በደቡብ እስያ ለከብት ይሰጥ የነበረው ዲክሎፌናክ ጥምብ አንሣዎችን ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ ጨርሷል። ምክንያቱ የታወቀው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ አሞራዎቹ ከሞላ ጎደል አልቀው ነበር።

በሌላ በኩል የካናዳውን ቁጥር ወስዶ አቃቂ ላይ መለጠፍም ልክ አይሆንም። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው፤ ኤቲኒልኤስትራዲዮል የለውም። በተፈጥሮ ከሰውም ከከብትም የሚወጣ ሆርሞን ደግሞ አለ። ስለዚህ ጉዳዩን የወሊድ መከላከያ የሚወስዱ ሴቶች ጥፋት አድርጎ ማቅረብ ሳይንሱንም ፍትሑንም ያጣመመ ነው።

ዓሣውን የሚበላው ሰውስ? በጾም ወቅት የዓሣ ገበያ ሲደራ ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በአንድ ቁራጭ ዓሣ ውስጥ ሊኖር የሚችለው መድኃኒት ሐኪም ከሚያዘው እጅግ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2012 እ.ኤ.አ. የመጠጥ ውኃን በተመለከተ በሚታወቀው መጠን ሰውን የመጉዳቱ ዕድል በጣም ዝቅተኛ ነው ብሏል። ለሰው ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነው። አንቲባዮቲክ ያለበት ፍሳሽ ውስጥ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ይላመዳሉ። በአቃቂ ውኃ በሚለማ አትክልት በኩል እነዚህ ወደ ገበታ ሊመጡ ይችላሉ።

ማጣራት ይቻላል፤ ማን ይክፈል?

የተለመደው የፍሳሽ ማጣሪያ የተሠራው ለእዳሪ ነው። ባክቴሪያ ፓራሲታሞልንና አይቡፕሮፌንን በደንብ ይበላል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ግን እንደገባ ያልፋል ማለት ይቻላል። ዲክሎፌናክም አብዛኛው ያልፋል። እነሱን ለማስወገድ ኦዞን በሚባለው ጋዝ ማፈራረስ ወይም ውኃውን ቅሪቱን ለመምጠጥ በተዘጋጀ ልዩ ከሰል ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ስዊዘርላንድ በ2016 እ.ኤ.አ. ይህን በሕግ ጀመረች። ከ100 በላይ ጣቢያዎች ደረጃ በደረጃ ተሻሽለው የተመረጡ ቅሪቶችን 80 በመቶ እንዲያስወግዱ ታቅዷል። ለዚህም በሰው በዓመት እስከ 9 ፍራንክ ይሰበሰባል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 መጀመሪያ የጸና መመሪያ ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ትልልቅ ጣቢያዎች እስከ 2045 ይህን ማጣሪያ እንዲጨምሩ፣ ከወጪውም ቢያንስ 80 በመቶውን የመድኃኒትና የመዋቢያ አምራቾች እንዲችሉ ያዛል። አምራቾቹ ፍርድ ቤት ሄደዋል። ለምን ሁለት ዘርፍ ብቻ ይከፍላል ይላሉ። እንደ ሜትፎርሚን ያለ ርካሽ መድኃኒት ዋጋው ንሮ ከገበያ ሊጠፋ ይችላል ሲሉም ያስጠነቅቃሉ። ይህ ስጋት መናቅ የለበትም። የስኳር በሽተኛ መድኃኒቱን አጥቶ ዓሣው ይዳን ማለት አይቻልም።

ለአቃቂና ለአዋሽ

ለአዲስ አበባ ኦዞን ገና ሩቅ ነው። ብዙ ቤት ከመስመር ሳይገናኝ ማጣሪያው ላይ ኦዞን መጨመር ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ይመስለኛል። መጀመሪያ መስመሩ፣ ከዚያ የሆስፒታሎች ፍሳሽ ለብቻው መታከሙ። ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ፋርማሲዎች መልሰው እንዲሰበስቡ ማድረግና የአንቲባዮቲክን ማዘዣ ማክበር ደግሞ የቧንቧ ሥራ አይጠይቁም።

አንድ ነገር ግን ሳይረፍድ መታየት አለበት። የመድኃኒት ፋብሪካዎች እንዲሰፍሩበት የተሠራው የቂሊንጦ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ነው። አገር ውስጥ መድኃኒት ማምረት መልካም ነው፣ ያስፈልገናልም። ሆኖም በሕንድ ሃይደራባድ አጠገብ በምትገኘው ፓታንቼሩ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያሳየው መዘንጋት የለበትም። የ90 ያህል አምራቾችን ፍሳሽ የሚቀበል ማጣሪያ በሚለቀው ውኃ ውስጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ደርሶ ነበር። ይህ መድኃኒቱን በሚወስድ በሽተኛ ደም ውስጥ ካለው ይበልጣል። እዚያም ማጣሪያ ነበረ፤ የተሠራው ግን ለመድኃኒት አልነበረም። ስለዚህ ለፋብሪካ የሚሰጠው የፍሳሽ ፈቃድ የሚመረተውን መድኃኒት በስሙ ጠቅሶ የሚፈቀደውን መጠን ቢያስቀምጥ ያዋጣል። ፋብሪካው ከቆመ በኋላ ከማስተካከል አሁን መጻፍ ይቀላል።

መለካቱም ከባድ አይደለም። አቃቂ የአባ ሳሙኤል ግድብን አልፎ ከአዋሽ ይቀላቀላል፣ አዋሽ ቆቃ ይገባል፤ ቆቃ ላይ ደግሞ አስጋሪ አለ። ከአባ ሳሙኤል መግቢያና መውጫ በበጋና በክረምት ውኃ ቀድቶ ሜትፎርሚን፣ ካርባማዜፒን፣ ዲክሎፌናክና ሲፕሮፍሎክሳሲን መለካት ይቻላል። ከቆቃ አስጋሪዎች መረብ ከሚወጣው ወንድ ቆሮሶ ጥቂት ደም ወስዶ ቫይቴሎጀኒን መኖሩን ማየትም እንዲሁ። ወንዱ ደም ውስጥ የአስኳል ፕሮቲን ከተገኘ ሆርሞን መሰል ነገር ደርሶታል ማለት ነው፤ ውኃው የቱንም ያህል የጠራ ቢመስል።